ምዕራፍ ሰባት፦ ሳጥኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው

የአየር መንገዶች የሻንጣ ደንብ ብዙ ገጽ ቢኖረውም ለመንገደኛው ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ 158፣ 23 እና 32። የመጀመሪያው የሳንቲሜትር ልክ ነው፤ የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምረው ከዚህ መብለጥ የለባቸውም። ሁለተኛው በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች ላይ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚጓዝ ሰው የአንድ ሻንጣ የክብደት ጣሪያ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው «ሁለት ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ» የሚለውን በቃሉ ይዞታል። ሦስተኛው የተወሰነው ለጫኞች ወገብ ታስቦ ነው። ከ32 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነጠላ ዕቃ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ መዋል የለበትም፤ ስለዚህ ከፍዬ ልጫነው ቢሉም አብዛኞቹ አየር መንገዶች እንደ ሻንጣ አይቀበሉትም።

አንድ ተራ ብስክሌት የፊት ጎማው ወልቆ፣ መሪው ተፈትቶ፣ ከፋብሪካ በመጣበት ዓይነት ካርቶን ውስጥ ሲገባ 140 በ80 በ22 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ድምሩ 242 ነው። ክብደቱ ግን ከነካርቶኑ 15 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለአውሮፕላን ችግር የሚሆነው እንግዲህ የሚይዘው ቦታ ነው። የካርጎ ሰዎች ይህን በስሌት ያስቀምጡታል፤ 6,000 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ቦታ እንደ አንድ ኪሎ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ያ ቀላል ካርቶን 41 ኪሎ ሆኖ ይከፈልበታል። ብስክሌቱን በካርጎ ለመላክ ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚደነግጠው፣ ራሱ ሲጓዝ እንደ ሻንጣ ይዞት መሄድ የሚረክስለትም ለዚህ ነው።

የሻንጣው ክፍያ ራሱ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ ብስክሌትን እንደ ማንኛውም ሻንጣ ቆጥሮ ከተፈቀደው ኮታ ላይ ይቀንሰዋል። ሌላው በእያንዳንዱ በረራ ቁርጥ ያለ ክፍያ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ለመጠኑ ለብቻ፣ ለክብደቱ ለብቻ፣ ለትርፍ ሻንጣነቱ ለብቻ ያስከፍላል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለአንድ መንገድ ብቻ 150 ዶላር የሚጠይቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን አሜሪካን ኤርላይንስና ዴልታ በወራት ልዩነት ለስፖርት ዕቃዎች የሚያስከፍሉትን የትርፍ መጠን ክፍያ አነሱ፤ ክብደቱ ከ23 ኪሎ ያልበለጠ ብስክሌትም እንደ ተራ ሻንጣ መታየት ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ያው ነበሩ፣ ካርቶኖቹም ያው ነበሩ። ክፍያው ከነዳጅ ሒሳብ ይልቅ የገበያ ውሳኔ መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስለዚህ ቲኬት ሲፈለግ የብስክሌቱ ክፍያ ደርሶ መልስ ተሰልቶ አብሮ መደመር አለበት፤ ሲደመር ርካሽ የመሰለው ቲኬት ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአንድ ቲኬት ላይ ሁለት አየር መንገዶች ሲኖሩ የማን ደንብ ይሠራል የሚል ጥያቄ ይነሳል። መነሻው ወይም የመጨረሻ መድረሻው አሜሪካ ለሆነ ጉዞ የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መልስ ሰጥቶበታል፤ ጉዞው ሲጀመር የተሠራበት የሻንጣ ደንብና ክፍያ እስከ መልሱ ድረስ ይጸናል። ይህ ግን ለአንድ ቲኬት ነው። ለየብቻ በተቆረጡ ሁለት ቲኬቶች የሚሄድ ሰው መሐል ላይ ብስክሌቱን ተቀብሎ፣ እንደ አዲስ አስመዝኖ፣ በሁለተኛው አየር መንገድ ደንብ እንደገና ይከፍላል። ሌላው ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባው የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያበርረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 የዕቃ ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ካርቶኑ ቦታ አጥቶ በሚቀጥለው በረራ ሊላክ ይችላል። ብስክሌት እንደሚጫን ከጉዞው ቀናት አስቀድሞ ማሳወቅና ማስመዝገብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

158 የሚለው ቁጥር የፈጠራ ሰዎችን እንቅልፍ ሲነሳ ኖሯል። በካሊፎርኒያ ሮዝቪል ከተማ ወርክሾፕ የነበረው ስቲቭ ስሚላኒክ በ1990ዎቹ የብስክሌትን ቴላዮ ለሁለት የሚከፍልና መልሶ የሚያገጥም የብረት ማያያዣ ሠራ። በዚህ ማያያዣ የተሠራ ሙሉ መጠን ብስክሌት 66 በ66 በ25 ሳንቲሜትር በሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ድምሩ 157 ነው። የተረፈው አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ትልቁ ጎማ አየሩ ካልወጣ ሻንጣው አይዘጋም። በኦሪገን ዩጂን ከተማ የሾልዝ ወንድማማቾች በ1992 ያቋቋሙት ባይክ ፍራይደይ ጎማውን አሳንሶ፣ ቴላዮውን የሚታጠፍ አድርጎ ሌላ መንገድ መረጠ። በለንደን ደግሞ አንድሩ ሪቺ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመኖሪያው ፊት ለፊት ባለችው ቤተ ክርስቲያን ስም የጠራውን ብሮምፕተን ነደፈ። ሪቺ ሲነድፈው ያሰበው ስለ ከተማ ነዋሪ እንጂ ስለ አውሮፕላን አልነበረም፤ ይሁንና ሲታጠፍ ከ158 በታች ይገባል።

አብዛኛው ሰው ያለው ግን የማይታጠፍ፣ የማይከፈል፣ ትልልቅ ጎማ ያለው ብስክሌት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ካርቶኑ ከባንኮኒው ተነስቶ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አስተሻሸጉ የሚወሰነው በዚያ ነው። ተራ ሻንጣ በሚንሸራተተው ቀበቶ ይሄዳል። ብስክሌት በቀበቶው መታጠፊያዎች ላይ ስለሚሰነቀር ለትልልቅ ዕቃ በተለየ በር ይገባና ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። እንደ ቦይንግ 737 ባሉ ጠባብ አውሮፕላኖች ውስጥ ሻንጣ የሚደረደረው አንድ በአንድ ነው። ክፍሉ ዝቅተኛ በመሆኑ ጫኙ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ተንበርክኮ ይቀበላል፣ ገፍቶ ያስገባል። በቦይንግ 787ና በኤርባስ ኤ350 ላይ ሻንጣው በአብዛኛው መሬት ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ተደርድሮ ከነኮንቴይነሩ ይጫናል። በሁለቱም ካርቶኑ እንደ ቆመ ይጓዛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ጎኑ ላይ ይተኛል፤ 23 ኪሎ ሻንጣዎችም ይጫኑበታል።

ስለዚህ ብስክሌቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሦስት ወገን ይመጣል። ካርቶኑ በጫፉ ቆሞ ይጣላል፤ ጎኑ ላይ ክብደት ያርፍበታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየመንገጫገጩ ውስጥ ያለው ዕቃ እርስ በርሱ ይፋተጋል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ካርቶኑን በፕላስተር ደጋግሞ ይጠቀልላል፣ «በጥንቃቄ ይያዝ» ብሎ በትልቁ ይጽፍበታል። እኔ የማምነው ግን ብስክሌትን ደህና አድርሶ የሚያወጣው የሳጥኑ ጥንካሬ ሳይሆን ውስጡ ምንም ነገር አለመንቀሳቀሱና ከጎን የሚመጣው ጫና በሚችለው ቦታ ላይ ማረፉ መሆኑን ነው። የሚቀጥሉት ሥራዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጩ ናቸው።

መጀመሪያ የሚወጡት ፔዳሎቹ ናቸው፤ ካልወጡ ካርቶኑን ከውስጥ ይበሳሉ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፔዳሉ ዘንግ በገባበት ቀዳዳ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። እግር እየረገጠ ሲያዞረው ዘንጉ የቀዳዳውን ግድግዳ ተከትሎ ይንከባለልና ፔዳሉ የተያያዘበት ክንድ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ በቀስ ራሱን ያዞራል። የግራው ጥርስ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ በመንገድ ላይ ራሱን ፈትቶ ይወድቅ ነበር። ከ1892 ጀምሮ በኦሃዮ ዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ የነበራቸው ወንድማማቾቹ ራይት፣ አውሮፕላን ከማብረራቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1900፣ ራሱን የማይፈታ ፔዳል ብለው ለደንበኞቻቸው ያስተዋወቁት ይህንኑ ዘዴ ነበር። በ1903 የበረረችው አውሮፕላናቸውም የሞተሩን ኃይል ወደ ፕሮፔለሮቹ ያደረሰችው ከብስክሌት በተወሰደ የሰንሰለትና የማርሽ አሠራር ነው። ግራና ቀኝ ለሚምታታበት ሰው አንድ ማስታወሻ አለ፤ መፍቻው ከላይ ተደርጎ ወደ ብስክሌቱ ኋላ ሲገፋ ሁለቱም ፔዳሎች ይፈታሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ ፔዳል ስለሚጣበቅ ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ፈትቶ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ይሻላል። በበረራው ዋዜማ ሌሊት ላይ ካልተፈታ መካኒክ አይገኝም።

ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ይመጣል። ከብስክሌቱ ጎን ወጣ ብሎ ስለተቀመጠ ካርቶኑ በዚያ በኩል ሲተኛ ክብደቱን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። የተያዘበት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ደግሞ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ ተሠርቷል፤ አደጋ ሲመጣ ቴላዮው እንዲተርፍ እሱ እንዲታጠፍ ወይም እንዲሰበር። ስለዚህ ማርሽ ቀያሪውን በአንድ ብሎን ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቴላዮው የኋላ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ማሰር ነው። ሽቦውና ሰንሰለቱ መነካት የለባቸውም። የዚያች ቁራጭ ቅርጽ ግን ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል፤ በሄዱበት ከተማ ልኳን ማግኘት ከባድ ነው። አንድ መለዋወጫ በኪስ መያዝ ዋጋዋ ትንሽ፣ ጥቅሟ ትልቅ ነው።

የፊት ጎማው ሲወጣ የፊት ሹካው ሁለት ጣቶች ባዶአቸውን ይቀራሉ። በመካከላቸው ምንም ስለሌለ ከጎን የመጣ ክብደት እርስ በርስ ያቀራርባቸዋል፤ ብረት ከሆኑ ይጣመማሉ፣ ካርቦን ከሆኑ ይሰነጠቃሉ። ብስክሌት ከፋብሪካ ሲመጣ በዚያ ቦታ ላይ የምትሰካ የፕላስቲክ ማገጃ አለች። ሱቆች ብስክሌቱን ሲገጣጥሙ ይጥሏታልና ጠይቆ መውሰድ ይቻላል፤ በልኩ የተቆረጠ እንጨትም ሥራዋን ይሠራል።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው የፍሬን ጉዳይ አለ። ባለ ዲስክ የዘይት ፍሬን ያለው ብስክሌት ጎማው ሲወጣ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል የነበረው ዲስክ አብሮ ይወጣል። ካርቶኑ ውስጥ መሪው ላይ የሆነ ነገር ተጭኖ የፍሬን መያዣውን ቢጨብጥ፣ ዘይቱ ፒስተኖቹን ይገፋና ሸራዎቹ ገጥመው ይቀራሉ። መያዣው ሲለቀቅ እንኳ ወደ ቦታቸው አይመለሱም፤ መድረሻ ላይ ዲስኩ አልገባም ይላል። መፍትሔው በሸራዎቹ መካከል የዲስኩን ውፍረት የሚያህል የታጠፈ ካርቶን ማስገባት ነው። ዲስኩን በሚመለከት ደግሞ ከጎማው ላይ ፈትቶ በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል ማስቀመጡን እመክራለሁ፤ በትንሹ እንኳ የተጣመመ ዲስክ መንገዱን ሁሉ ሲጮህ ይዘልቃል።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። መሪው ተፈትቶ ከላይኛው ዘንግ ጎን ይታሰራል፤ ኮርቻው ይወርዳል ወይም ይወጣል። የጎማዎቹ አክስል ጫፎች ካርቶኑን እንዳይበሱ ይሸፈናሉ። የቴላዮው ዘንጎች ለውኃ ቧንቧ በሚሸጠው ስፖንጅ ይለበሳሉ። ሰንሰለቱ በትልቁ የፊት ማርሽ ላይ ይደረጋል፤ የማርሹን ጥርሶች ከመመታት የሚጠብቀው ራሱ ሰንሰለቱ ነው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ የወጣውን ጎማ ከቴላዮው ጎን አስጠግቶ፣ ብረት ከብረት በሚነካካበት ሁሉ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ አስገብቶ፣ ሁሉንም በፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ አካል እስኪሆን ማሰር። አስተሳሰሩ ትክክል ከሆነ ዕቃው ካርቶን ባይኖረውም በአንድ እጅ ብድግ ሲደረግ ምንም አይንጠለጠልም። ብሎኖች በሙሉ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ ወይም በአንድ ከረጢት ተደርገው ከቴላዮው ጋር ይታሰራሉ፤ ካርቶን ውስጥ ልቅ የሆነ ብሎን በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ይጠፋል። በመጨረሻ ካርቶኑ ተዘግቶ ይወዛወዛል። ድምፅ ከተሰማ ይከፈታል።

ሳጥኑ ምን ዓይነት ይሁን? ጠንካራው የፕላስቲክ ሳጥን ብቻውን 11 ወይም 12 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ኪሎ ብስክሌት ሲገባበት 23ቱ አለቀ ማለት ነው። ካርቶን 4 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለልብስና ለጫማ ቦታ ይተርፋል። ልብሱ ራሱ ጥሩ መከላከያ ይሆናል፤ ነገር ግን በብስክሌት ካርቶን ውስጥ ሌላ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክሉ አየር መንገዶች ስላሉ ደንቡን ማንበብ ይገባል። ካርቶን ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ ከተማ የሚወጣ ተጓዥ ጥሎት ይሄድና ሲመለስ ከብስክሌት ሻጭ ሌላ ይለምናል። ሻጮች ዘወትር የሚጥሉት ስለሆነ በነጻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ ደግሞ ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው የብስክሌተኞች ማኅበር ውስጡን የሚያሳይ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ለአባላቱና ለሌሎች ሰዎች ሲሸጥ ኖሯል። ሐሳቡ ጫኙ ብስክሌት መሆኑን በዓይኑ ካየ ሌላ ሻንጣ አይጭንበትም የሚል ነው። ለቀጥታ በረራና ለብረት ቴላዮ ሐሳቡ ያስኬዳል። ካርቦን ግን ጫና በአንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ከውጭ ሳይታይ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለእሱ አልመርጠውም።

የፍተሻ ሠራተኞች ካርቶኑን ባለቤቱ በሌለበት ሊከፍቱት ይችላሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። የሚከፍተው ሰው ስለ ብስክሌት የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላልና ሁሉም በቦታው ሳለ የተነሳ ፎቶ አትሞ ከክዳኑ ውስጠኛ ፊት መለጠፍ ትልቅ እገዛ ነው።

አሁን ወደ ጎማው አየር እንምጣ፤ ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የጎማ አየር እንዲወጣ ወይም እንዲቀንስ ያዝዛሉ፤ ምክንያቱ ከፍታ ላይ ይፈነዳል የሚል ሥጋት ነው። ሒሳቡን እንየው። የመንገደኛ አውሮፕላን የዕቃ ክፍል እንደ መንገደኛው ክፍል ሁሉ አየር የሚሞላበት ነው። በውስጡ ያለው ግፊት በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ቢበዛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ይሆናል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ ነው፤ በ2,400 ሜትር ወደ 11 ይወርዳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ከተማ 90 ፒ.ኤስ.አይ የተነፋ ጎማ በበረራ ላይ 94 እንደተነፋ ያህል ይወጠራል፤ ይህን ልዩነት ደህና ጎማ አይሰማውም። ያለምንም አየር በጠፈር ውስጥ ቢጓዝ እንኳ የሚጨመርበት ያው 14.7 ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ተጓዥ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ከሚወርድበት ዝቅተኛ ግፊት ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፤ ቦሌ ላይ የተነፋ ጎማ እንደነዚህ ባሉ አውሮፕላኖች ውስጥ ለውጥ አይገጥመውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበርረው ቦይንግ 787ማ የአካሉ ቁስ ከፍ ያለ ግፊት ስለሚችል ውስጡን ከ1,800 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ አየር ይይዛል። ከአዲስ አበባ በዚህ አውሮፕላን የሚነሳ ብስክሌት በአየር ግፊት በኩል ሲታይ ከፍ ሳይሆን ዝቅ እያለ ነው የሚጓዘው፤ ጎማውም በትንሹ ይለዝባል። በመልሱ ደግሞ ቦሌ ሲደርስ ከበረራው ይልቅ መሬት ላይ ይበልጥ ይወጠራል።

ይህ ማለት ግን ከባንኮኒው ሠራተኛ ጋር ፊዚክስ መከራከር ይገባል ማለት አይደለም። ደንቡ በጽሑፍ ያለ ነው፤ ሠራተኛውም የሚጠየቀው በደንቡ ነው። ከፊሉን አየር ማስወጣት ሁሉንም ያስማማል። እስከ መጨረሻው ማስወጣት ግን ጉዳት አለው፤ ካርቶኑ በጫፉ ሲወድቅ ምቱን የሚያለዝበው በጎማው ውስጥ የቀረው አየር ነው፤ ከሌለ ቸርኬው በቀጥታ ይመታል።

የአየር መንገዶች ሥጋት እውነተኛ የሚሆነው በሌሎች ዕቃዎች ላይ ነው። ጎማ በቅጽበት የሚነፉት ትንንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጆች በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ለአንድ ሰው 4፣ እያንዳንዳቸውም ከ50 ሚሊሊትር የማይበልጡ ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት፤ ከዚህ ጠበቅ ያለ ሕግ ያላቸው አገሮችም አሉ። የእጅ ፖምፓ ይዞ መሄድ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ለብስክሌቱ መብራት የሚሆኑ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች ከባለቤታቸው ጋር ወደ መንገደኛው ክፍል መግባት አለባቸው፤ እዚያ ጭስ ቢነሳ የሚያይና የሚያጠፋ ሰው አለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት ግን ከነባትሪው ጨርሶ አይሄድም። መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ የሚችለው እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በፈቃድ እስከ 160 ዋት ሰዓት ነው፤ የብስክሌቶቹ ባትሪ በአብዛኛው ከ400 በላይ ነው። ይህን ሕግ ከልክ በላይ የጠበቀ አድርጎ የሚያይ ሰው መስከረም 2010 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ የሆነውን ያስታውስ። የዩ.ፒ.ኤስ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙ የሊቲየም ባትሪዎች ከነበሩበት ጭነት በተነሳ እሳት ተያያዘ፤ ጭሱ የመሣሪያዎቹን ሰሌዳ ሸፈነባቸውና ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቲየም አዮን ባትሪዎችን ብቻቸውን በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት መላክ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል።

መድረሻ ላይ ብስክሌቱ በሚዞረው ቀበቶ አይመጣም፤ ለትልልቅ ዕቃ በተለየው በር ነው የሚወጣው። በትራንዚት ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ በመጀመሪያው የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎት፣ ጉምሩክ አሳልፎ፣ መልሶ ያስረክበዋል፤ ለዚህ ሰዓት መተው ያስፈልጋል። ወደ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ የሚሄድ ደግሞ ከመነሻው ጎማውን ከጭቃ አጽድቶ ይሂድ፤ አፈር ይዞት የሚመጣውን በሽታና ዘር ስለሚፈሩ ብስክሌትን አስመዝግበው ይፈትሻሉ። ሲገጣጠም ከሁሉ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው የመሪው ብሎኖች፣ የፊት ጎማው አክስልና የፊት ፍሬኑ ናቸው። ትራፊክ ውስጥ ከመግባት በፊት ፍሬኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ይበቃል፤ የላላ ነገር ካለ በእጅ ይሰማል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ከመውጣት በፊት ግን ካርቶኑን ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። የተቀደደ ወይም የተጨፈለቀ ከሆነ እዚያው ከፍቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በሻንጣ አቤቱታ ክፍል ማስመዝገብና የምዝገባውን ቅጂ መያዝ ነው። የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኛን መብት የሚወስነው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት በተመዘገበ ሻንጣ ላይ ለደረሰ ጉዳት በጽሑፍ ማመልከት የሚቻለው ሻንጣውን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ለዘገየ ሻንጣ 21 ቀን። ቀኑ ካለፈ፣ አየር መንገዱ ያታለለበት ነገር ከሌለ በቀር፣ መብቱም አብሮ ያልፋል።

አንዳንድ ጊዜ ባንኮኒው ላይ «ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ አይደለንም» የሚል ወረቀት ይቀርብና ፈርሙ ይባላል። ብዙ ሰው ፈርሞ ተስፋ ይቆርጣል። የስምምነቱ 26ኛ አንቀጽ ግን አጓጓዡን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ማንኛውም ውል ፈራሽ ነው ይላል። አየር መንገዱ ሊከራከርበት የሚችለው ጉዳቱ የመጣው ከዕቃው ከራሱ ጉድለት መሆኑን ነው። በአግባቡ የታሰረ፣ ሲዘጋ ፎቶ የተነሳ ብስክሌት ያለው ሰው በዚህ ክርክር የተሻለ ቦታ ላይ ይቆማል።

የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ነው። ይህ የሚቆጠረው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚያወጣው ልዩ የመገበያያ መለኪያ ሲሆን ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ጣሪያው የሚመለከተው ሻንጣዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ነው፤ ብስክሌቱ 5,000 ዶላር ቢያወጣም ከዚህ አያልፍም። ከዚህ በላይ ለሚያወጣ ብስክሌት ስምምነቱ አንድ መንገድ ይሰጣል፤ ባለቤቱ የዕቃውን ዋጋ በልዩ መግለጫ አስመዝግቦ ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቀ ይከፍላል። ይህ የሚደረገው ሻንጣው ሲረከብ፣ ባንኮኒው ላይ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ በትልልቅ ዕቃ በር ከገባ በኋላ ማስመዝገብ አይቻልም።